የተከለከለው መጽሐፍና ጸሐፊው፦ የብፁዕ አንቶንዮ ሮዝሚኒ የሕይወት ታሪክ

ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እንዳያነቧቸው የከለከለቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር፣ በላቲን ስሙ ኢንዴክስ የሚባለው መዝገብ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ዘመን በ1559 ዓ.ም. ወጥቶ በየጊዜው እየታደሰ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በመዝገቡ ውስጥ የሃይማኖት ጠላቶች የጻፏቸው መጻሕፍት ብቻ እንደ ነበሩ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የጋሊሌዮ መጽሐፍ በ1633 ዓ.ም. ተከልክሎ ከመዝገቡ የወጣው በ1835 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃት ቅድስት ፋውስቲና ስለ መለኮታዊ ምሕረት የጻፈችው ማስታወሻም በ1959 ዓ.ም. እንዳይሰራጭ ታግዶ፣ እገዳው የተነሣው በ1978 ዓ.ም. ነበር። የአንድ የተከለከለ መጽሐፍ ታሪክ በጥንቃቄ ሲመረመር ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ከልካዩ ዘመንም ብዙ ያስተምራል፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ምን ያስፈራቸው እንደ ነበረ ይገልጣልና። ይህን በጉልህ የሚያሳየን የኢጣሊያዊው ካህንና ፈላስፋ የብፁዕ አንቶንዮ ሮዝሚኒ ሕይወት ነው።

ሮዝሚኒ መጋቢት 24 ቀን 1797 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በሮቬሬቶ ከተማ ከባለጸጋና ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ዘመን ያ አገር በናፖሌዎን ጦርነቶች ምክንያት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ በኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ጸና። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ስለ ሆነ ነው። የቤተሰቡ ታላቅ ወንድ ልጅ እንደ መሆናቸው ርስቱን ጠብቀው ስሙን እንዲያስጠሩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ገና በወጣትነታቸው ለክህነት ቆረጡ። በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ቲዮሎጊያ ተምረው በ1821 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። ከአንድ ዓመት በፊት አባታቸው አርፈው አብዛኛውን ሀብት ለእርሳቸው ተናዝዘውላቸው ስለ ነበር፣ ወጣቱ ካህን ብዙ ርስትና እጅግ ብዙ መጻሕፍት ያላቸው ሰው ሆኑ። ርስቱን ቀስ በቀስ ለማኅበራቸውና ለድኾች ሥራ አዋሉት፤ መጻሕፍቱን ግን አነበቧቸው።

በ1828 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በዶሞዶሶላ ከተማ አጠገብ ካልቫርዮ ወደሚባለው ተራራ ወጥተው ለብቻቸው በጾምና በጸሎት ሰነበቱ፤ በዚያም የፍቅር ማኅበር ብለው የሰየሙትን የገዳማውያን ማኅበር ሕገ ደንብ ጻፉ። የማኅበሩ መሠረት ቀላል ነው። አባሉ ራሱ ሥራ አይመርጥም፤ ነፍሱን እያነጻ ይቀመጣል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ በጐረቤት ችግር ወይም በቤተ ክርስቲያን ጥሪ ሲገለጥለት ግን ወደ ማናቸውም የፍቅር ሥራ ይነሣል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ ይህን ማኅበር አጸደቁት። ከእርሳቸው አስቀድሞ ፒዮስ 8ኛ በ1829 ዓ.ም. ሮዝሚኒን ተቀብለው ሲያነጋግሯቸው፣ ሰውን ወደ ሃይማኖት በምርምርና በማስረዳት እንዲመሩ፣ ስለዚህም ከሁሉ በላይ መጻሕፍትን እንዲጽፉ መክረዋቸው ነበር። ሮዝሚኒ ይህን ምክር እንደ ትእዛዝ ያዙት፤ በቀጣዩ ዓመት ስለ ሐሳቦች አመጣጥ የጻፉት ትልቁ የፍልስፍና ሥራቸው ታተመ።

ፍልስፍናቸውን በዚህ አጭር ጽሑፍ መተንተን አይቻልም። ይሁን እንጂ ሊቁ በመጻሕፍት መካከል ብቻ የኖሩ ሰው እንዳይመስሉን፣ በ1834 ዓ.ም. በተወለዱባት ከተማ በሮቬሬቶ የቅዱስ ማርቆስ ቁምስና ቆሞስ ሆነው እንዳገለገሉ እንወቅ። ሕዝቡን ያስተምሩ፣ ይናዝዙ፣ ልጆችንም ያስጠኑ ነበር። ነገር ግን የኦስትርያ መንግሥት ሹማምንት ይህን ለጳጳሱ ለሮም የሚወግን ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይከታተሏቸው ስለ ነበር ሥራቸው እየተሰናከለ ሄዶ በ1835 ዓ.ም. ቁምስናውን ለቀቁ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል፦ ሮዝሚኒ ትምህርቱ በዘፈቀደ ሳይሆን ሐሳብ ከሐሳብ በሚወለድበት ቅደም ተከተል የተሰደረ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። ተማሪው ያልገባውን ቃል በቃሉ እንዲያጠና ማስገደድ ለእርሳቸው ማስተማር አልነበረም።

አሁን ወደ ተከለከለው መጽሐፍ እንምጣ። በ1832 ዓ.ም. መጨረሻ ሮዝሚኒ በፓዶቫ አጠገብ ባለች ኮሬዞላ በምትባል መንደር ተቀምጠው፣ የቅድስት ቤተ ክርስቲያን አምስቱ ቍስሎች የሚል መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያንን በተሰቀለው ጌታ ሥጋ መስለው በሁለቱ እጆች፣ በጎኑና በሁለቱ እግሮች ላይ ያሉትን ቍስሎች አንድ በአንድ ይቈጥራሉ። የሚጽፉት እንደ ከሳሽ ሳይሆን በእናቱ አልጋ አጠገብ እንደ ቆመ ልጅ ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም ለማለት እደፍራለሁ።

የግራ እጅ ቍስል ሕዝቡ በሥርዓተ አምልኮ ከካህናቱ መለየቱ ነው። ሕዝቡ ላቲን አያውቅም፤ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ የማይገባውን ይሰማል፤ አካሉ ከመሠዊያው ፊት ሆኖ ልቡናው ውጭ ይውላል። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች እንደሚመስላቸው ሮዝሚኒ ላቲን ተሽሮ ሁሉም በየአገሩ ቋንቋ ይሁን አላሉም፤ እንዲያውም ጥንታዊውን ቋንቋ መተው የሚያስከትለውን ጉዳት ዘርዝረዋል። መድኃኒቱን ያገኙት በትምህርት ላይ ነው፦ ካህኑ ምሥጢሩን ለሕዝቡ ይተርጕምለት፣ ያስረዳው። የግዕዝ ሥርዓት ልጆች የሆንን እኛ ይህን ጉዳይ ከማንም ቀድመን እንረዳዋለን። በአማርኛ መቀደሱ ብዙ እንደ ረዳን አይካድም፤ ሆኖም ቃሉ ገብቶት ምሥጢሩ ያልገባው ምእመን ዛሬም በመካከላችን ስላለ፣ ሮዝሚኒ በመምህሩ ትከሻ ላይ ያኖሩት ሸክም ገና አልወረደም።

የቀኝ እጅ ቍስል ደግሞ ከዚህ የተወለደ ነው፤ ይኸውም የካህናት ትምህርት ማነስ ነው። በጥንት ዘመን ታላላቅ ጳጳሳት ራሳቸው በቤታቸው ካህናትን ያሠለጥኑ፣ ተማሪውም ከመምህሩ ጋር እየበላና እየጸለየ ከቅዱሳን አበው መጻሕፍት ይማር ነበር። በእርሳቸው ዘመን ግን የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤቶች ለማይታወቁ መምህራን ተትተው፣ በአበው መጻሕፍት ፈንታ ሕይወት በሌላቸው ትንንሽ የመማሪያ መጻሕፍት ይመሩ እንደ ነበር ያዝናሉ። ይህን ክፍል በዘርዐ ክህነት ያለፈ ሰው ሲያነብ አንዳንድ ቦታ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ የጎን ቍስል፣ የጳጳሳት መለያየት ነው። ቀድሞ በመልእክት፣ በጉብኝትና በሲኖዶስ ይገናኙ የነበሩ ጳጳሳት የመሬት ባለቤቶችና የነገሥታት ባለሟሎች ከሆኑ ወዲህ እርስ በርስ እንደ ባዕድ ተያዩ። አምስተኛው፣ የግራ እግር ቍስል፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት በዓለማዊ ሕግና በባለጸጎች እጅ መታሰሩ ነው፤ እዚህ ላይ ሮዝሚኒ የቤተ ክርስቲያን ገቢና ወጪ ሒሳብ ለሕዝብ ይገለጥ እስከ ማለት ደርሰዋል። በ1832 ዓ.ም. ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ መዘዝ ያመጣባቸው ግን አራተኛው፣ የቀኝ እግር ቍስል ነው። በዚያ ዘመን በብዙ የካቶሊክ መንግሥታት ጳጳሳትን የሚሰይሙት ነገሥታት ነበሩ፤ ለምሳሌ የፈረንሳይ ንጉሥ ይህን መብት ከ1516 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ ይዞት ነበር፤ የኦስትርያ ንጉሠ ነገሥትም በግዛቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሮም ታጸድቃለች እንጂ አትመርጥም። ሮዝሚኒ ይህ ሥርዓት እረኛውን የመንግሥት ሹም እንደሚያደርገው በድፍረት ጻፉ፤ በጥንቱ ልማድ ካህናትና ሕዝብ በእረኛቸው ምርጫ ድምፅ እንደ ነበራቸውም ከታሪክ አስረዱ። ሐሳባቸው ቤተ ክርስቲያንን ከነገሥታት እጅ ነጻ ለማውጣት ነበር። ግን ሕዝብ ይምረጥ የሚል ቃል በዚያ ዘመን አውሮፓ ለሚሰማው ሰው የአብዮት ቃል ነበር።

ሮዝሚኒም ይህን ያውቁ ነበር። ዘመኑ እንዳልተመቸ አይተው የጀመሩትን መጽሐፍ በ1833 ዓ.ም. በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። በ1846 ዓ.ም. ፒዮስ 9ኛ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ሲመረጡና እስረኞችን በምሕረት ሲፈቱ፣ በኢጣሊያ ሁሉ ተስፋ ነገሠ፤ አዲሱ ጳጳስ ለአዲሱ ዘመን የተላኩ መሰለ። ያን ጊዜ ሮዝሚኒ ጽሑፉን አውጥተው ጨረሱትና በ1848 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሉጋኖ ከተማ አሳተሙት። በዚያው ዓመት ማኅበራዊ ፍትሕን መሠረት ስላደረገ ሕገ መንግሥት የጻፉት ሌላ መጽሐፍም ወጣ። ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል የተጠበቀው አመቺ ጊዜ የደረሰ መሰለ።

ዳሩ ግን 1848 ዓ.ም. አውሮፓ በአብዮት የተናወጠበት ዓመት ነው። በበጋው የፒየሞንት መንግሥት ሮዝሚኒን ከቅድስት መንበር ጋር እንዲደራደሩ ወደ ሮም ላካቸው፤ ፒዮስ 9ኛም በፍቅር ተቀብለው ለካርዲናልነት እንዲዘጋጁ አስታወቋቸው። ለሹመቱ አስፈላጊው ዝግጅት ተጀምሮ ሳለ፣ ኅዳር 15 ቀን የጳጳሱ ግዛት ዋና ሚኒስትር ፔሌግሪኖ ሮሲ በሮም በጠራራ ፀሐይ ተገደሉ። ሕዝቡ የጳጳሱን ቤተ መንግሥት ከበበ። ዐመፀኞቹ ጳጳሱ እንዲቀበሉት ባስገደዱት አዲስ መንግሥት ውስጥ ሮዝሚኒን ከነሳቸው ሚኒስትር አድርገው ሰየሟቸው፤ እርሳቸው ግን ወዲያው እምቢ አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒዮስ 9ኛ ተራ ካህን መስለው ከሮም በማምለጥ በናፖሊ ንጉሥ ግዛት ወዳለችው ጋዬታ ተሰደዱ። ሮዝሚኒም ተከተሏቸው።

በነገራችን ላይ፣ ጳጳሱ በጋዬታ በስደት በነበሩባቸው በእነዚያው ወራት፣ በጥር 1849 ዓ.ም.፣ ከዚያው ከናፖሊ መንግሥት የተወለዱት አባታችን ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በምጽዋ በአባ ማስያስ እጅ በስውር ማዕርገ ጵጵስናን ተቀበሉ። በአገራችን የካቶሊክ እምነት በግዕዝ ሥርዓት እንዲጸና የደከሙት እኒህ አባትና ሮዝሚኒ የአንድ ትውልድ ሰዎች ናቸው።

በጋዬታ የነገሩ ሁኔታ ተለወጠ። በጳጳሱ ዙሪያ ካርዲናል አንቶኔሊ በረቱ፤ እርሳቸውም የጠፋው ግዛት በኦስትርያና በሌሎች ነገሥታት ጦር እንዲመለስ የሚሹ ነበሩ። ሮዝሚኒ ግን ጳጳሱ የባዕድ ጦር እንዳይጠሩና ለሕዝቡ የሰጡትን ሕገ መንግሥት እንዳይሽሩ ይመክሩ ነበር። ፒዮስ 9ኛ በመከራው ልባቸው ቈስሎ ስለ ነበር፣ ሕገ መንግሥት የሚባለውን ነገር ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ። በዚህ መካከል ግንቦት 30 ቀን 1849 ዓ.ም. የኢንዴክስ ጉባኤ በናፖሊ ተሰብስቦ ሁለቱን የሮዝሚኒን መጻሕፍት ከጆበርቲና ከአባ ቬንቱራ ጽሑፎች ጋር በአንድ ውሳኔ ከለከለ። ሮዝሚኒ መጻሕፍታቸው በፍርድ ላይ እንደ ነበሩ አልተነገራቸውም፤ ቀርበውም አልተጠየቁም። የናፖሊ ፖሊስ ደግሞ በይለፍ ወረቀት ምክንያት እያሳበበ ያዋክባቸው ስለ ነበር በሰኔ ወር ጋዬታን ለቀው ወጡ። ስለ እገዳው የሰሙት በነሐሴ፣ በሮም አጠገብ ባለችው በአልባኖ ከተማ ሳሉ ነው። ውሳኔው የትኛው ዐረፍተ ነገር ስሕተት እንደ ሆነ አያመለክትም ነበር።

እዚህ ላይ የሰውየው ማንነት ይታያል። ሮዝሚኒ ወዲያው በጽሑፍ ለውሳኔው መገዛታቸውን አስታወቁ፤ መጽሐፉንም ዳግመኛ አላሳተሙም። በተመሳሳይ ሁኔታ የተከለከሉ ሌሎች ሊቃውንት በቍጣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በዚያው ዘመን ታይቷል፤ ፈረንሳዊው ካህን ላሜኔ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሮዝሚኒ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ይሁን እንጂ መታዘዛቸው እገዳው ትክክል እንደ ነበረ ያረጋግጣል ብሎ መደምደም አይገባም። ታዛዥነት የታዛዡ ምግባር ነው፤ የፈራጁን ፍርድ አያጸድቅም። ስለ እርሳቸው የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ትሕትናቸውን ብቻ እያወደሱ የደረሰባቸውን በደል በዝምታ ሲያልፉት አያለሁ፤ ይህ ለእርሳቸውም ለእውነትም ክብር አይሆንም።

ሮዝሚኒ ወደ ሰሜን ተመልሰው ማጆሬ በሚባለው ሐይቅ ዳር በስትሬዛ ተቀመጡ። ካርዲናልነቱ ቀረ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን አላረፉም፤ በመጻሕፍታቸው ሁሉ ውስጥ መቶዎች የሚቈጠሩ ስሕተቶች አሉ የሚል ክስ በስውር አሰራጩ። ፒዮስ 9ኛ ሥራዎቻቸው ሁሉ እንዲመረመሩ አዘዙ፤ ጥናቱ ዓመታት ፈጅቶ በ1854 ዓ.ም. ጉባኤው ራሳቸው ጳጳሱ በሊቀ መንበርነት ባሉበት መጻሕፍቱን ከክሱ ነጻ አደረጋቸው። ሁለቱ የ1848 ዓ.ም. መጻሕፍት ግን በመዝገቡ እንደ ሰፈሩ ቀሩ። በእነዚህ ዓመታት የቅርብ ወዳጃቸው ታላቁ ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ በሐይቁ ዳር ካለው ቤት እየመጡ ያነጋግሯቸው ነበር። በመጨረሻው ሕመማቸውም ሊጠይቋቸው መጥተው ከአልጋቸው አጠገብ ሲያዝኑ፣ ሮዝሚኒ የሚቀረው ማምለክ፣ ዝም ማለትና መደሰት እንደ ሆነ ነገሯቸው። ሐምሌ 1 ቀን 1855 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው በስትሬዛ ዐረፉ።

ከሞት በኋላም ክርክሩ አልበረደም። ካረፉ በኋላ ከታተሙ ጽሑፎቻቸው አብዛኞቹ የተወሰዱ አርባ ዐረፍተ ነገሮች በሊዮን 13ኛ ዘመን በ1887 ዓ.ም. በቅዱስ መንበር ጽሕፈት ቤት ተወገዙ። ዘመኑ የቅዱስ ቶማስ አኵይናስ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲታደስ ጥረት የሚደረግበት ስለ ነበር፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ መንገድ የሚያስብ ፈላስፋ በቀላሉ ለጥርጣሬ ይጋለጥ ነበር። ጥርጣሬው ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 1ኛ የሆኑት አልቢኖ ሉቻኒ እንኳ በ1947 ዓ.ም. በሮም ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ሮዝሚኒ ስለ ነፍስ አመጣጥ ያስተማሩትን የሚነቅፍ ነበር።

በዚህ መካከል ግን ዓለም ተለወጠ። ጳጳሳትን ይሰይሙ የነበሩት የአውሮፓ ነገሥታት አብዛኞቹ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የጳጳሱ ምድራዊ ግዛት በ1870 ዓ.ም. አለፈ፤ ሕገ መንግሥትና ምርጫም የሚያስፈራ ቃል መሆናቸው ቀረ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ሕዝቡ በማስተዋልና በንቃት እንዲሳተፍ አዘዘ። በ1965 ዓ.ም. ስለ ካህናት ሥልጠና፣ ስለ ጳጳሳት ኅብረትም ደነገገ፤ መንግሥታት ጳጳሳትን የመሰየም መብት ከእንግዲህ ወዲህ እንዳይሰጣቸው ወስኖ፣ ያላቸውም በፈቃዳቸው እንዲተዉት ጠየቀ። አራተኛው ቍስል በጉባኤው ጽሑፍ ውስጥ መድኃኒቱን አገኘ። ይሁንና ጉባኤው ሮዝሚኒ ያነሡትን የሕዝብ ምርጫ እንዳልተቀበለ መናገር ይገባል፤ የጳጳሳትን ሹመት ለቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ብቻ አስቀምጦታልና። ጉባኤው በተፈጸመ በዓመቱ ጳውሎስ 6ኛ የተከለከሉ መጻሕፍትን መዝገብ የሕግ ኃይል እንዳይኖረው አደረጉ።

የዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ እምነትና ስለ አእምሮ ያወጡት መልእክት በ1998 ዓ.ም. ሮዝሚኒን ፍልስፍናን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ካስማሙ የቅርብ ዘመን ሊቃውንት መካከል በስም ጠቀሳቸው። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በዕለተ ዕረፍታቸው፣ በካርዲናል ራትዚንገር ይመራ የነበረው የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ፣ በ1887 ዓ.ም. ለውግዘት ያበቁት ሥጋቶች አሁን እንደ አለፉና የተወገዘው ትርጕም የራሳቸው የሮዝሚኒ ሐሳብ እንዳልነበረ አስታወቀ። ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም. በኖቫራ ከተማ ብፁዕ ተብለው ታወጁ። የዚያን ጊዜ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀድሞ ማስታወቂያውን የፈረሙት ራትዚንገር፣ ማለትም በነዲክቶስ 16ኛ፣ ነበሩ።

አምስቱ ቍስሎች ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በነጻ ይነበባል። የብፁዕነታቸው ዐፅም በስትሬዛ እርሳቸው ባሠሩት የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል፤ በዚያም ቪንቼንዞ ቬላ የቀረጸው ሐውልታቸው ተንበርክከው ሲጸልዩ ያሳያቸዋል።